ሮም ላይ ማለዳ ይነሳል፣ ቁስቋም ላይ ይተኛል

ጎንደሬ ነኝ እያለ ደረቱን የሚነፋ፣ ግን አንድ ቀን እንኳ ማለዳ ተነስቶ፣ ከኪሱ ከፍሎ፣ አስጎብኚ ይዞ የቁስቋምን ቤተ ክርስቲያንና የግንብ ፍርስራሽ ያልጎበኘ ሰው ስለ ቅርስ ባያወራ ደስ ይለኛል። አዎ፣ በደንብ ሰምታችኋል። ማለዳ። ከፍሎ። አስጎብኚ ይዞ። ከሦስቱ አንዱንም አልቀንስም።

«የአገር ልጅ አገሩን ይጎበኛል እንዴ?» ትሉኛላችሁ። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ጥያቄ ነው። ከፒያሳ እስከ አዘዞ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ሁላችንም የተስማማንበት ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ጉብኝት የእንግዳ ሥራ ነው፤ የአገር ልጅ የተወለደበትን ያውቀዋል፤ ታሪክ በደም ይወረሳል። በደም! ደም የነገሥታት ስም ይቆጥራል? ደም የትኛው ግንብ አዳራሽ፣ የትኛው መኖሪያ እንደነበረ ያውቃል? በደም የወረስነው ኩራቱን ብቻ ነው። እውቀቱን ሄዶ ማምጣት ይጠይቃል፤ እሱን ደግሞ ለፈረንጅ ትተንለታል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው ለእኛ ነው።

የአክስቴ ልጅ ለጥምቀት ከአውሮፓ መጥቶ ነበር። ስልኩን አውጥቶ የሮም ፎቶዎቹን አሳየኝ። ኮሎሲየም፣ ገና ፀሐይ ሳታርፍበት። ትኬቱን ቀደም ብሎ ገዝቶ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከአልጋው ወርዶ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ ጃንጥላ ከፍ አድርጋ የምትመራ አስጎብኚ ተከትሎ ከድንጋይ ድንጋይ ሲዞር አርፍዷል። ቬስፓስያን እንደጀመረው፣ ልጁ ቲቶ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ80 ዓመት እንደመረቀው፣ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሬት መንቀጥቀጥ የውጭ ግድግዳውን በአንድ ወገን እንደጣለውና ድንጋዩ እየተጫነ ለሮም ቤተ መንግሥቶችና አብያተ ክርስቲያናት ግንባታ እንደዋለ አንድ ሳያስቀር ነገረኝ። ጎበዝ ተማሪ ነው። የከፈለውን ሲነግረኝም ቅር አላለውም።

«ነገ ማለዳ ቁስቋም እንውጣ። ጥሩ አስጎብኚ አውቃለሁ» አልኩት።

ሳቀብኝ። «አንተ ደግሞ! እኔ እኮ እዚሁ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ለጋይድ ልከፍል?»

«እሺ፣ ያደግህበት ነው። እዚያ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አፅማቸው ያረፈው እነማን ናቸው?»

ዝም። ትንሽ አሰበና «ቅዱሳን ናቸው መሰለኝ» አለ።

ቅዱሳን አይደሉም፣ ወንድሜ። እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ልጃቸው ዳግማዊ አፄ ኢያሱ ናቸው። የልጅ ልጃቸው አፄ ኢዮአስ ናቸው። የአንድ ቤት ሦስት ትውልድ፣ የጎንደር መንግሥት ማማ ላይ የወጣበትና የተሰበረበት ዘመን በአንድ ሣጥን። የቬስፓስያንን ልጅ ስም የሚያውቅ ሰው የምንትዋብን ልጅ አያውቅም። ለሮም ሌሊት ይነሳል፤ ለቁስቋም ቁርስ እስኪደርስ ይተኛል። ለሮም አስጎብኚ ያለ ክርክር ይከፍላል፤ የጎንደሩን አስጎብኚ «ለአገር ልጅ ቀንስ» ይለዋል። ለምን ይቀንስ? የአገር ልጅ ሲሰማ ታሪኩ ያጥራል?

የአክስቴን ልጅ ብቻ እንዳልበድለው። እሱስ ባዕድ አገር ነው የሚኖረው። ከቁስቋም ሥር ባጃጅ ተሳፍሮ በየቀኑ የሚያልፈው ከእሱ ይሻላል? በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይላሉ። የእኛ ከዚያም ይብሳል። እኛ መዳቡንም አልቆጠርነው።

እስቲ የተኛችሁበትን ልንገራችሁ። ማለዳ ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ ወዳለው ዳገት ስትወጡ ከተማው ከታች በጭስና በጉም ተሸፍኖ ይተኛል፤ የፋሲል ግቢ ማማዎች ከመሀል ብቅ ብለው ይታያሉ። ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ግቢ ውስጥ ኪዳን አልቆ ሰው እየተበተነ ነው። ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች በሩን ስመው ይወጣሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ወጣ ብሎ ጣሪያ አልባው ግንብ ቆሟል። ቀትር ላይ ብትመጡ ግራጫ ድንጋይ ነው፤ «ይኼ ነው እንዴ?» ብላችሁ ትመለሳላችሁ። ማለዳ ግን ብርሃኑ አግድም ይመጣል። አግድም የመጣ ብርሃን በግድግዳው ላይ ከፍ ያለውን ሁሉ ጥላ ያበጅለታል። ያኔ ከግራጫው ግንብ ላይ ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይለያል። የመስኮቱ ክፈፍ ቀይ ነው። መስቀሎች ተቀርጸዋል። እንስሳት ተቀርጸዋል። ጣታችሁን ሳታሳርፉ ጠጋ ብላችሁ እዩ፦ የጠራቢው መሮ የሄደበት መስመር ይታያል። ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው የአንድ ሰው የእጅ ሥራ ነው። ስሙን አናውቅም። ሥራውን እንኳ ለማየት ግን ማለዳ መነሳት ከበደን?

አስጎብኚ ለምን? ብቻችንን ሄደን ብናየውስ? አያችሁ፣ ፍርስራሽ አይናገርም። ጣሪያ ያለው ቤት ምን እንደሆነ ራሱ ያስረዳል፤ የፈረሰ ቤት ግን አንባቢ ይፈልጋል። የትኛው የግብር አዳራሽ ነበር? የእቴጌይቱ መኖሪያ የቱ ጋ ነበር? ግድግዳው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ምን ተሸክመው ነበር? አጥሩ ላይ ያሉት ክብ ማማዎች ለምን ተሠሩ? ይህን የማያውቅ ሰው ቁስቋምን አላየም፤ ድንጋይ ነው ያየው። ድንጋይ ደግሞ በየሰፈሩ ሞልቷል።

«እኛ እናውቃለን» የምትሉትን እስቲ ልፈትናችሁ። ይህን ግንብ ማን ሠራው? ገና ጠይቄ ሳልጨርስ «ፖርቱጋሎች» የሚል ድምፅ ከኋላ ይሰማኛል። በጣም ጥሩ። አፄ ፋሲል የፖርቱጋሎቹን ካህናት፣ ኢየሱሳውያኑን፣ ከአገር ያባረሩት በ1630ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋምን ያሠሩት ባለቤታቸው አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ካረፉ በኋላ ነው። መቶ ዓመት! የተባረረ ሰው መቶ ዓመት ቆይቶ ቤት ሲሠራ የት ነው ያያችሁት? ለፋሲል ግንብ እንኳ ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1648 ከየመን ተልኮ ጎንደር የመጣው ሐሰን አል-ሐይሚ የሕንድ ባለሙያን እጅ ነው የጠቀሰው። የጎንደር ዘመን የቤተ እስራኤል ግንበኞች፣ አናጢዎችና አንጥረኞች ያፈሰሱት ላብስ? በኖራና በድንጋይ ያደጉት የአገር ባለሙያዎችስ? የገዛ አያቶቻችንን ሥራ በአንድ ቃል ለሊዝበን አስረክበን፣ ማታ ላይ ቢራ ይዘን «እኛ እኮ ባለ ታሪክ ነን» እንላለን። እንዲህ ያለ ልግስና የት ይገኛል?

አስጎብኚዎችም አትደሰቱ። እናንተንም አልምርም። ከእናንተ መካከል ሌሊቱን አንብቦ ቀኑን የሚያስተምር አለ፤ እጁን እስማለሁ። ግን ደግሞ ጉርሻ ለማሳመር ተረት የምትሸጡም አላችሁ። አፄ በካፋ ተራ ሰው መስለው አገር ሲዞሩ ቋራ ላይ ታመው፣ ውቧ ልጅ አስታማቸው፣ ፍቅር ያዛቸው፣ ምንትዋብን አገቡ። ጣፋጭ ነው። ፈረንጁ ይወዳታል፤ ከተማሪ ቡድን ሴት ልጆች ያለቅሱላታል። ከዚያስ? ከዚያማ ጉብኝቱ አለቀ!

ታሪኩ ግን የሚጀምረው እዚያ ነው። ባሏ የሞተባት ወጣት ሴት የሕፃን ልጇን ዙፋን ይዛ፣ ራሷ ዘውድ ጭና፣ ብርሃን ሞገሳ ተብላ፣ የቋራ ዘመዶቿን በየሹመቱ አስቀምጣ፣ ያንን በጦርና በሤራ የተሞላ አገር እንዴት አስተዳደረች? ይኼ ነው ጥያቄው። ልጃቸው ኢያሱ በ1755 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ የልጅ ልጃቸውን ኢዮአስን አነገሡ። የየጁዋ ምራታቸው ውቢት ደግሞ የራሷን ወገን ይዛ መጣች። የቋራና የየጁ ፍጥጫ ቤተ መንግሥቱን ለሁለት ከፈለው። ለማስታረቅም ለማስፈራራትም ከትግራይ ራስ ስሑል ሚካኤል ተጠሩ። በ1761 ዓ.ም. ያው የተጠሩት ራስ አፄ ኢዮአስን አስገደሉ። የእቴጌይቱ ልጅ ወይዘሮ አስቴር ደግሞ የዚሁ የራስ ሚካኤል ሚስት ነበሩ። እናት፣ ልጅ፣ ገዳይ፣ ሟች፣ ሁሉም አንድ ማዕድ ላይ! ከዚያ በኋላ ዘመነ መሳፍንት መጣ። ሥልጣን ለማዳን ኃይለኛ ጎረቤት ጠርቶ በጎረቤቱ መበላት። ይህን ትምህርት ዛሬ የሚፈልገው ሰው የለም ነው የምትሉኝ? ወይስ ከተረቱ ይልቅ እውነቱ ስለሚነካን ነው ተረቱን የመረጥነው?

አስጎብኚው ተረት የሚሸጠው ደግሞ ገዢ ስላለው ነው። አጥብቆ የሚጠይቅ አድማጭ ቢኖር ኖሮ ተረቱ በአንድ ሳምንት ያልቅ ነበር። ፈረንጁ ጎንደር ውሎ ነገ ወደ ስሜን ተራሮች ይሄዳል፤ የሚያርመው የለም። የሚያርም የአገር ልጅ ነበር። እሱ ግን ተኝቷል።

«ምን ይታያል? ፍርስራሽ አይደለም ወይ?» የሚሉም አሉ። እነዚህን በተለይ እወዳቸዋለሁ። ሮም ሄደው የሚያዩት ምን መሰላቸው? አዲስ ኮንዶሚኒየም ነው? የሮማው ፎረም ሦስትና ስምንት ዓምድ እዚህም እዚያም የቆሙበት ሜዳ ነው። ኮሎሲየም ራሱ አንድ ዘመን ጫካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1855 ሪቻርድ ዲኪን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ኮሎሲየም ላይ የበቀሉትን 420 የእፅዋት ዓይነቶች ዘርዝሮ መጽሐፍ አሳትሟል። አራት መቶ ሃያ! ሥር ድንጋይን ይሰነጥቃል፤ ስለዚህ ጫካው ተመነጠረ፣ ግድግዳው ተደገፈ፣ በር ተበጀለት፣ ሰዓት ተወሰነለት። ድንጋዩ ከእኛ ድንጋይ የተለየ ቅባት የለውም። ሰዎቹ ፍርስራሻቸውን እንደ መጽሐፍ ሊያነቡት ወሰኑ፣ አለቀ።

እኛስ? ቁስቋምን ማን እንዳፈረሰው እንኳ ተስማምተን አልጨረስንም። አፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ሁለት ጊዜ መዝብረው አቃጥለዋታል። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ገብተው ቁስቋምን ከብዙዎቹ አድባራት ጋር በእሳት አነደዱት። ይህን ሁሉም ይጠቅሳል፤ ጠላት ያደረገውን ማውራት ደስ ይላል። ከ1880 ወዲህ ያለውን ዝናብ፣ ከ1880 ወዲህ ያለውን ሥር፣ ከ1880 ወዲህ ያለውን እጃችንንስ ማን ያውራ? ደርቡሽ ነው በየፍርስራሹ ግድግዳ ላይ ስሙን በከሰልና በምስማር የሚጭረው? በ2015 ዓ.ም. አንድ ቱሪስት ኮሎሲየም ላይ የራሱንና የእጮኛውን ስም በቁልፍ ሲጭር በቪዲዮ ተያዘና ዓለም ጉድ አለ። እኛም «አይ ባለጌ» ብለን ተቀባበልነው። ባለጌነት ሮም ላይ ሲሆን ብቻ ነው የሚታየን።

ደግሞ ሌላ በሽታ አለብን። ፍርስራሽ ስናይ ልናድሰው ያምረናል፤ ማደስ ማለት ለእኛ አዲስ ማስመሰል ነው። በጣሊያን ዘመን የፋሲል ግቢ ሕንፃዎች በሲሚንቶ ተጠጋግነው ነበር። ሲሚንቶ ከኖራ ይጠነክራል፤ እርጥበት አያስወጣም፤ ስለዚህ ራሱ አይሰነጠቅም፣ አሮጌውን ድንጋይ ነው የሚያሰነጥቀው። በኋላ የመጡት ጠጋኞች ያንን እየነቀሉ በኖራ መተካት ነበረባቸው። ጥገና የሚባለው ነገር ግንብን ሊገድል ይችላል ማለት ነው። በቅርቡም የፋሲል ግቢ ሲታደስ አገሩ ሁሉ በስልኩ ላይ ባለሙያ ሆነ። ግማሹ «ተዋበ» ብሎ አጨበጨበ፣ ግማሹ «ተበላሸ» ብሎ ጮኸ። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፦ ከእነዚህ ሁሉ ስንቱ ከእድሳቱ በፊት የነበረውን ግድግዳ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ አይቶት ያውቃል? ያላየ ሰው ምኑን ከምኑ ያነጻጽራል? ነገ የቁስቋም ተራ ሲደርስ ማን ነው «ይህ መስቀል እዚህ አልነበረም» የሚለው? ማን ነው «ይህ ቀይ ድንጋይ የት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቀው? የማያውቅ ሕዝብ ሲታደስለት ያመሰግናል፣ ሲዘረፍም ያመሰግናል።

ስለ መዘረፍ ካነሳንማ፣ ወደ ዋናው ግብዝነታችን እንግባ።

ለንደን ውስጥ ቪክቶሪያ እና አልበርት ሙዚየም የሚባል ቤት አለ። እዚያ ውስጥ የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ ተቀምጠዋል። ዘውዱ ላይ የወንጌላውያንና የሐዋርያት ምስል ተቀርጿል። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የወሰዳቸው ናቸው። ሙዚየሙ ራሱ እንደሚለው፣ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው አፄ ኢያሱ አሠርተው ለቁስቋም ማርያም የሰጧቸው እንደሆኑ ይታመናል። ለቁስቋም! ለዚህችው ባጃጅ በየቀኑ ለሚያልፍባት ዳገት! የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን እንኳ በ1871 እ.ኤ.አ. ፓርላማ ቆሞ እነዚህ ዕቃዎች በመምጣታቸው ማዘኑን ተናግሯል።

«ዘውዳችን ይመለስ!» ስንል ድምፃችን ያምራል። እኔም እላለሁ፤ እስክሞት እላለሁ። ግን ልጠይቅ። ዘውዱ የወጣበትን ቤት የማያውቅ ሰው ዘውዱን ምን ሊያደርገው ነው? ለንደን ውስጥ በመስታወት ሣጥን ያለውን ወርቅ ፎቶ የሚለጥፈው ሰው፣ ቁስቋም ውስጥ በመስታወት ሣጥን ያረፈውን የባለቤቱን አፅም ጎብኝቷል? ለወርቁ እንባ፣ ለአፅሙ ጀርባ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረት እንዲህ ልክክ ብሎ አያውቅም።

ደግሞም ባዶ ጩኸት ዕቃ አይመልስም። የአክሱም ሐውልት በ1929 ዓ.ም. ተጭኖ ሮም ሄደ። ከጥንታዊው የሮማውያን የፈረስ መጋለቢያ አጠገብ ተተክሎ፣ የሮምን ፍርስራሽ ሊጎበኝ የመጣ ሁሉ እያለፈበት፣ እስከ 1996 ዓ.ም. ቆመ፤ አገሩ የገባው በ1997 ዓ.ም. ነው። እንዴት ተመለሰ? በ1947 እ.ኤ.አ. የሰላም ውል ላይ ጣሊያን የወሰደችውን በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ የሚል አንቀጽ ነበረ። ያንን አንቀጽ ይዘው ዓመት ከዓመት የሞገቱ፣ ድንጋዩን ከነስንጥቁ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ያመጣው እውቀት ነው። ስለ ቁስቋም እንዲህ የሚሞግት ሰው ከየት ይምጣ? አንድም ማለዳ እግሩ ካልረገጠው ትውልድ?

«ቦታው የጸሎት ቦታ ነው፤ ቱሪዝም አታድርጉት» የሚሉኝን አከብራለሁ። እኔም ጫማዬን አውልቄ፣ በሩን ስሜ የምገባ ሰው ነኝ። ግን ክርክሩን እንየው። ኅዳር 6 የቁስቋም ዕለት ሕዝቡ ዳገቱን ሞልቶ ሲወጣ ግንቡን ማን ይጠብቀዋል? ያ ሁሉ ሰው ግድግዳው ላይ ተደግፎ፣ አጥሩ ላይ ወጥቶ ሲያከብር «ቅዱስ ቦታ ነው፣ ተው» የሚል ስንት ነው? ኪዳን ካለቀ በኋላ አሥር ሰው በጸጥታ ፍርስራሹን ዞሮ፣ ከፍሎ፣ ገንዘቡ ለጥበቃው ቢውል የሚረክሰው ምንድን ነው? እቴጌይቱ እኮ ቤተ መንግሥቱንና ቤተ ክርስቲያኑን ጎን ለጎን ነው ያሠሩት። መንግሥታቸውና ጸሎታቸው በአንድ አጥር ነበር። እናንተ ከእርሳቸው ይበልጥ ጸሎተኛ ሆናችሁ? ግቢውን የሚያውቁት ሊቃውንት ደግሞ እዚያው ተቀምጠዋል። የሚጠይቃቸው ቢያገኙ ለሰዓታት ይናገራሉ። የጠየቃቸው ግን ማን ነው? ፈረንጅ!

ነገሩ ዛሬ አልጀመረም። በ1762 ዓ.ም. ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ጎንደር ገባ። ቁስቋም ወጥቶ በፈንጣጣ የታመሙትን የእቴጌይቱን ቤተሰብ አከመ፤ ከእቴጌይቱና ከወይዘሮ አስቴር ጋር ተቀምጦ ጠየቀ፣ ሰማ፣ ጻፈ። በ1790 እ.ኤ.አ. አምስት ቅጽ መጽሐፍ አወጣ። ያጋነነው አለ፣ የዋሸው አለ። ግን ዛሬ እኛ ስለ ራሳችን አያቶች ስንከራከር «ብሩስ እንዲህ ብሏል» እንላለን! ያን ጊዜ ቁስቋም ውስጥ የነበረው የእኛ ሰው ሁሉ ከብሩስ የበለጠ ያውቅ ነበር። ልዩነቱ ብሩስ መጠየቁ ነው። የእኛ ሰው «እኔ እዚሁ ያደግሁ ነኝ» ብሎ ሳይሆን አይቀርም።

የመጨረሻው ሰበብ ገንዘብና ጊዜ ነው። «በዚህ ኑሮ ውድነት፣ በዚህ ጭንቀት፣ ስለ ፍርስራሽ ታወራለህ?» አዎ፣ አወራለሁ። እንዲያውም የማወራው በዚሁ ምክንያት ነው። ኮቪድ መጣ፣ ቱሪስት ቀረ። የሰሜኑ ጦርነት መጣ፣ ቱሪስት ቀረ። የክልሉ ግጭት መጣ፣ ቱሪስት ቀረ። የቁስቋም ደጃፍ ላይ ማን ቀረ? እኛ። ቅርሱን ለፈረንጅ ብለን ካቆየነው ፈረንጅ ሲቀር ማን ይጠብቀዋል? ሦስት ቋንቋ የሚናገር፣ የነገሥታቱን ቅደም ተከተል እንደ ውዳሴ ማርያም የሚወርድ አስጎብኚ ዛሬ የባጃጅ መሪ ጨብጦ ታገኙታላችሁ። ባጃጅ መንዳት ነውር አይደለም። ነውሩ ያ እውቀት ከእሱ ጋር መቅረቱ ነው። ተተኪ አላስተማረም፤ የሚሰማው ስላልነበረ። ለሠርግ አዳራሽ ብር የምንበትን፣ ለልደት ኬክ የምንፎካከር ሰዎች፣ ለአንድ ማለዳ አስጎብኚ የምንከፍለው ስናጣ እውነት የጎደለን ገንዘብ ነው?

ቁስቋም በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የፋሲል ግቢና ተጓዳኝ ሥፍራዎች አንዱ ነው፤ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። ዓለም ፈርሞ «የሁላችን ነው» ካለ ከአርባ ዓመት በላይ ሆነው። ጎንደሬው መቼ ነው የሚፈርመው? ፊርማው ደግሞ በቀለም አይደለም። በእግር ነው፣ በጆሮ ነው፣ በኪስ ነው።

ይህን ስታነቡ ግማሾቻችሁ ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ድሮም ታስቡት ነበር። «ጎንደሬ ቁስቋምን አያውቅም» ብሎ መናገር አገር መስደብ ስለሚመስል ዋጥ አደረጋችሁት። እኔ አልዋጥሁትም። ይልቅስ እናንተም አትዋጡ። በሚመጣው ቅዳሜ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ልጆቻችሁን ቀስቅሱ። የታወቀ አስጎብኚ ቅጠሩ፤ ዋጋውን አትቁረጡ። ተረት ሲጀምርላችሁ «እሺ፣ ማስረጃውስ?» በሉት። በረኛውን ደረሰኝ ጠይቁት። ግድግዳው ላይ ሲጭር ያያችሁትን ልጅ እጁን ያዙት። ስትወርዱ ለሚያገኟችሁ ሁሉ የሰማችሁትን ንገሩ።

ግንብ የሚኖረው በሚያውቀው ሰው ነው። ቁስቋምን የሚያውቅ ካጣ፣ ደርቡሽ ያልጨረሰውን እኛ እንጨርሰዋለን።